ቡድናችንን በቲቪ ማየት ለምን እንዲህ ከበደ? የአሜሪካ ሊጎች ተመልካችና ገንዘብ

የአሌክሳንድሪያው፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ስለ ፕሪሚየር ሊግ በየቀኑ ይጻፋል። ብዙዎቻችን ግን የምንኖረው አሜሪካ ነው። ልጆቻችን የሚያወሩትም ስለ ኤንቢኤ (የቅርጫት ኳስ ሊግ) እና ስለ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ነው። ዛሬ ስለ እነዚህ ሊጎች ላውራ፤ ነገሩ ከልብ ያሳስበኛል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። በ1998 ማይክል ጆርዳን ከቺካጎ ጋር የመጨረሻ ዋንጫውን ሲያነሳ የኤንቢኤ ፍጻሜን አሜሪካ ውስጥ በአማካይ 29 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። በ2025 ኦክላሆማ ሲቲና ኢንዲያና እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ተናንቀው አማካዩ 10 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቤዝቦል የባሰ ነው። በ1978 ያንኪስና ዶጀርስ የተገናኙበት ወርልድ ሲሪስ (የቤዝቦል ፍጻሜ) በአማካይ 44 ሚሊዮን ተመልካች ነበረው። በ2023 ቴክሳስና አሪዞና ሲጫወቱ ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ። በታሪኩ ዝቅተኛው ነው።

ይህን ያየ ሰው "ሕዝቡ ስፖርት ሰለቸው" ይላል። እኔ አልስማማም። በዚያው በ2023 ቤዝቦል ስታዲየም የገባው ሰው ከ70 ሚሊዮን በላይ ነበር። የሰለቸው ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ለመኪና ማቆሚያ ከፍሎ አይሄድም። እንደኔ ትልቁ ችግር ያለው ጨዋታው ወደ ቤታችን የሚገባበት መንገድ ላይ ነው።

የድሮው የኬብል ጥቅል እንደ እድር ነበር የሚሰራው። ስፖርት የሚያየውም የማያየውም በየወሩ ያዋጣል። አንዲት ሴት ዓመቱን ሙሉ የምግብ ፕሮግራም ብቻ ብታይም ከሂሳቧ ላይ የተወሰነ ዶላር ለአካባቢዋ የስፖርት ቻናል ይሄዳል። ቻናሉ ለቡድኑ ይከፍላል፣ ቡድኑ ደግሞ ለተጫዋቹ። የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ በ2013 ለ25 ዓመት ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስገኝ ውል የፈረሙት ይህ መዋጮ እንደማይቋረጥ ታስቦ ነው። ከዚያ ሰዉ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። ትልቁ የኬብል ስፖርት ቻናል ኢኤስፒኤን በ2011 ገደማ 100 ሚሊዮን ቤት ይገባ ነበር። ዛሬ ከ70 ሚሊዮን በታች ነው።

በዚህ መሃል ሲንክሌር የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በ2019 ከዲዝኒ 21 የአካባቢ የስፖርት ቻናሎችን ገዛ። ዋጋው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ አብዛኛው ብድር ነው። ቻናሎቹን የያዘው ዳይመንድ ስፖርትስ በማርች 2023 ሂዩስተን ውስጥ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። ዕዳው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በወቅቱ የ14 የቤዝቦል፣ የ16 የኤንቢኤና የ12 የሆኪ ቡድኖች ጨዋታ በእጁ ነበር። ሦስት ወር ሳይቆይ ለቤዝቦሉ ሳንዲያጎ ፓድሬስ ክፍያ አቆመ፤ ሊጉ ራሱ ካሜራና ተንታኝ ይዞ ስርጭቱን ተረከበ።

በየከተማችሁ ምን እያያችሁ እንደሆነ ንገሩኝ።

ዳላስ_ልጅ፦

ወንድሜ ጥሩ ጽፈሃል፤ ግን ትልቁን ሊግ ዘለልከው። ኤንኤፍኤል የት አለ? በ2023 አሜሪካ ውስጥ በብዛት ከታዩት 100 የቲቪ ፕሮግራሞች 93ቱ የኤንኤፍኤል ጨዋታዎች ናቸው። በፌብሩዋሪ 2025 የተካሄደውን ሱፐር ቦውል (የኤንኤፍኤል ፍጻሜ) ከ127 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በ2021 የተፈረመው የስርጭት ውል ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የአሜሪካ ስፖርት ወደቀ ማለት ልክ አይመስለኝም። ዛሬ ቴሌቪዥንን አቁሞ የያዘው ስፖርት ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦

@ዳላስ_ልጅ ኤንኤፍኤል የኔን ሐሳብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም።

አስበው። አንተ ዳላስ ሆነህ የካውቦይስን ጨዋታ ለማየት ምን ያስፈልግሃል? ከሱቅ የምትገዛው አንቴና ብቻ። ጨዋታው ኢኤስፒኤን ላይ ወይም አማዞን ላይ ቢሆን እንኳ በቡድኖቹ ከተማ በነጻ ቻናል እንዲተላለፍ ሊጉ ያስገድዳል። አንድ የዳላስ ልጅ አባቱ ኬብል ባይኖረውም ቡድኑን እያየ ያድጋል።

ሁለተኛው ነገር ክፍፍሉ ነው። የኤንኤፍኤል የቲቪ ገንዘብ ለ32ቱ ቡድኖች እኩል ይካፈላል። ግሪን ቤይ ከ100 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ቡድኑ የሕዝብ ስለሆነ ሂሳቡን በየዓመቱ ይፋ ያደርጋል። በ2025 ባወጣው ሂሳብ ከሊጉ የጋራ ገቢ የደረሰው ከ430 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ኒውዮርክ ያለው ቡድን የሚደርሰውም ያው ነው። ቤዝቦል ውስጥ ግን ትልቁ ገንዘብ የአካባቢው ቻናል ውል ነበር። ሎስ አንጀለስ ቢሊዮን ሲፈርም ትንሹ ከተማ የተገኘውን ይፈርማል። ቻናሉ ሲወድቅ ቀድሞ የሚጎዳውም ትንሹ ነው።

አሮጌው_ቅርጫት፦

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ቅርጫት ኳስ አምልጦኝ አያውቅም። የገንዘቡን ነገር አልክድም። ግን ሁሉንም ጥፋት በኬብል ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ጨዋታው ራሱ ተለውጧል። ሁሉም ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ ይወረውራል። አንዱን ቡድን ካየህ ሌላውንም አየኸው ማለት ነው። ድሮ ዩታ እንደ ዩታ፣ ኒውዮርክ እንደ ኒውዮርክ ነበር የሚጫወተው። አሁን ማሊያውን ካወለቅክ መለየት ይቸግራል።

ሌላው ደግሞ ኮከቡ ሳይጎዳ "ያርፋል" ተብሎ ወንበር ላይ መቀመጡ ነው። ሊጉ ራሱ በ2023 ሽልማት የሚፈልግ ተጫዋች ቢያንስ 65 ጨዋታ ይጫወት የሚል ደንብ እስከማውጣት ደርሷል። ደንብ ያስፈለገው ችግሩ ስላለ ነው።

ሰዓቱም አለ። ፍጻሜው በምስራቅ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ተኩል ላይ ነው የሚጀምረው። በማግስቱ ትምህርት ያለው ልጅ እንዴት ይጨርሰው? ወርልድ ሲሪስ ከ1971 በፊት በቀን ብቻ ነበር የሚደረገው። ከሰዓት በኋላ የተደረገው የመጨረሻው ጨዋታ በ1987 ነው። ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ ማለቂያውን የሚሰማው ጠዋት ነው። ልጁን ሳያሳዩ ነገ ተመልካች ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይሆንም።

ሚኒሶታ_ክረምት፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን፤ የሰዓቱ ነገር እውነት ነው። ያ የ1987 ጨዋታ የተደረገው እዚህ ሚኒያፖሊስ ነው።

የኛን የቤዝቦል ቡድን የትዊንስን ታሪክ ልንገራችሁ። በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ በሚደረገው ዙር) 18 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈን ነበር። በ2023 ቶሮንቶን አሸንፈን ያን ሰበርነው። ከ2002 ወዲህ የመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ዙር ድላችን ነበር። ከተማው በደስታ አበደ። በዚያው ሰሞን ከዳይመንድ ጋር የነበረው የቲቪ ውል አለቀ። አመራሩ ምን አደረገ? ለቀጣዩ ዓመት የተጫዋቾች ደሞዝ 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀነሰ። ምክንያቱ የቲቪው ገቢ አስተማማኝ አለመሆኑ ነው ተባለ።

ሃያ ዓመት ጠብቀህ ቡድንህ ሲያሸንፍ የምትጠብቀው አንድ ሁለት ጥሩ ተጫዋች እንዲጨመር ነው። እኛ የተነገረን ተቃራኒው ነው። ሥራ ቦታዬ ያሉ ሰዎች ያን ቀን ፊታቸው ሌላ ነበር። የአንድ ቻናል ኪሳራ አንድ ቡድን ላይ የሚያደርሰው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋፊው ቀነሰ ብሎ ደጋፊውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦

ስለ ቁጥሩ አንድ ማስተካከያ ላክል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የ1998ን ቁጥር ከ2025 ጋር በቀጥታ ማወዳደር ይከብዳል። የቲቪ ተመልካች የሚቆጥረው ድርጅት ኒልሰን ድሮ የሚቆጥረው ቤት ውስጥ ያለውን ተመልካች ብቻ ነበር። ከ2020 ጀምሮ ባር፣ ሬስቶራንትና ኤርፖርት የሚያየውንም በመደበኛ ቆጠራው ውስጥ ጨምሯል። በ2025 መጀመሪያ ይህን አሰፋው። በዚያው ዓመት መከር ላይ ከስማርት ቲቪና ከኬብል ሳጥን የሚሰበሰብ መረጃም ገባ። ስለዚህ ቅርብ ጊዜ "ተመልካች ጨመረ" የሚል ዜና ስታነቡ ከፊሉ የቆጠራ ለውጥ መሆኑን አስቡ። በሌላ አነጋገር፣ ውጭ የሚያየው ተጨምሮበት እንኳ 10 ሚሊዮን ከሆነ፣ የኤንቢኤ ውድቀት ከሚታየው የከፋ ነው።

ሁለተኛ ነጥብ። ስፖርት ብቻውን አልወደቀም። ቴሌቪዥን በሙሉ ነው የወደቀው። በጁላይ 2022 ስትሪሚንግ (በኢንተርኔት የሚታየው) ለመጀመሪያ ጊዜ ኬብልን በለጠ። በሜይ 2025 ኬብልንና ነጻ ቻናሎችን አንድ ላይ በለጣቸው። ድራማና ዜናም ተመልካች አጥተዋል።

ግን ቤዝቦል ሞተ ለምትሉ፣ በ2025 ዶጀርስና ቶሮንቶ ያደረጉትን ሰባተኛ ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል። ካናዳውያኑ በዚህ ውስጥ የሉም። ጨዋታው በነጻ ቻናል ነበር፣ ቅዳሜ ምሽት ነበር፣ በዓለም የታወቀ ኮከብ ነበረው። ሦስቱ ሲገጥሙ ሰው ይመጣል።

እመ_ሁለት፦

እኔ የማወራው ከቤት ሂሳብ ጎን ነው። ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ማታ ነው የሚሰራው፤ ከልጆቹ ጋር ስፖርት የማየው እኔ ነኝ። ትልቁ ልጄ የዲሲውን የቅርጫት ቡድን ዊዛርድስን ይወዳል፣ ትንሿ ደግሞ የሴቶቹን ቡድን ሚስቲክስን።

አንዱ ጨዋታ የአካባቢው ቻናል ላይ ነው፣ ሌላው አማዞን ላይ፣ ሌላው ፒኮክ በሚባለው የኤንቢሲ ስትሪሚንግ ላይ። ኢኤስፒኤን ብቻውን በወር 30 ዶላር ነው። የኬብል ድርጅታችንን ስተወው ለመቆጠብ ብዬ ነበር። አሁን አንድ ላይ ብደምረው ከበፊቱ አይተናነስም። በዚያ ላይ ዛሬ ጨዋታው የት እንደሆነ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። አንዳንዴ ስናገኘው የመጀመሪያው ሩብ አልቋል። ልጁ "እሺ ተዪው" ብሎ ስልኩ ላይ ምርጥ ምርጡን ብቻ ያያል።

ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ልጄ ተጫዋቾቹን ሁሉ ያውቃል፤ ሙሉ ጨዋታ ግን አያይም። ሊጎቹ ይህን የተረዱት አይመስለኝም።

አሮጌው_ቅርጫት፦

እመ ሁለት ልጄ፣ ስለ ዲሲ ካነሳሽ አይቀር የቤዝቦሉን ነገር እኔ ልጨምር። ቡድኑ በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ፣ ባልቲሞር "ገበያዬን ወሰዳችሁ" እንዳይል ተብሎ የሁለቱም ጨዋታ የሚተላለፍበት ቻናል አብዛኛው ድርሻ ለባልቲሞር ተሰጠ። ናሽናልስ የራሳቸው ጨዋታ በጎረቤታቸው ቻናል ይታይ ጀመር። ምን ያህል ይከፈላቸው በሚለው ከአሥር ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። የታረቁት በማርች 2025 ነው። በመሃሉ በ2019 ዋንጫ ያነሳው ቡድን ተበትኖ አለቀ። ቲቪው ብቻ ነው ምክንያቱ አልልም፤ ግን አንድ ክለብ ገቢውን በቅጡ ሳያውቅ እንዴት ያቅዳል?

ፊኒክስ_በረሃ፦

ከዚህ ደግሞ ጥሩ ዜና አለኝ። የቅርጫት ቡድናችን ሰንስ በ2023 ከኬብሉ ቻናል ወጥተው የአካባቢ ጨዋታዎቻቸውን ወደ ነጻ ቻናል አመጡ። ቡድኑ አንቴና ለሚፈልግ ሰው በነጻ አከፋፈለ። አዎ፣ አንቴና! እኔ የማውቃቸው ሐበሾች ወስደዋል። ዩታ ጃዝም በዚያው ዓመት ይህንኑ አደረገ፤ በሆኪ ደግሞ የላስ ቬጋስ ጎልደን ናይትስ። አሁን ፀጉር ቤት ስገባ ጨዋታው ተከፍቷል። ድሮ ኬብል ያለው ሱቅ ብቻ ነበር የሚያሳየው።

መጥፎውንም ልንገራችሁ። የሆኪ ቡድናችን ካዮቲስ በ2009 ለኪሳራ አመለከተ። ሊጉ ገዝቶ ለዓመታት ራሱ አስተዳደረው። በኋላ ግሌንዴል ከነበረበት ሜዳ ወጥቶ 5,000 ሰው በማይሞላ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ መጫወት ጀመረ። አስቡት፣ የዓለም ምርጥ የሆኪ ሊግ! በሜይ 2023 የጎረቤት ከተማዋ የቴምፒ ነዋሪ ለቡድኑ ሊሰራ የታሰበውን አዲስ ሜዳ በድምፅ ጣለው። በኤፕሪል 2024 ቡድኑ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ሄደ። ዋጋው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ሳሪስ_አቦ፦

ሰላም ከአዲስ አበባ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ያ የሆኪ ቡድን ሜዳ የለውም፣ ተመልካች የለውም፣ ግን 1.2 ቢሊዮን ተሸጠ። ቦስተን ሴልቲክስም በ2025 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ተመልካች ከሸሸ ዋጋው እንዴት ይወጣል? ኪሳራው የማን ነው?

የአሌክሳንድሪያው፦

@ሳሪስ_አቦ የክሩ ልብ ይህ ጥያቄ ነው።

ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱ የአገር አቀፍ ውል ነው። ኤንቢኤ በ2024 ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲና ከአማዞን ጋር ለ11 ዓመት ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር ተፈራረመ። ተመልካቹ ከ1998 ሲሶ ሆኖ ይህ ገንዘብ የመጣው ሰው በዚያችው ሰዓት የሚያየው ነገር ስፖርት ብቻ ስለቀረ ነው። ድራማን ነገ ማየት ትችላለህ፣ ማስታወቂያውንም ዘለህ። ጨዋታን ግን አሁን ነው የምታየው። አስተዋዋቂው ለዚያ ይከፍላል፤ ትልልቆቹ የስትሪሚንግ ድርጅቶችም ደንበኛ ለማምጣት ይሻሙበታል።

ሁለተኛው የአካባቢው ገንዘብ ነው። እየፈረሰ ያለው ይህ ነው። ቤዝቦልና ሆኪ ብዙ ጨዋታ ስላላቸው በዚህ ላይ ነው የቆሙት። ቤዝቦል በዓመት 162 ጨዋታ ነው፤ አብዛኛው የሚታየው በየከተማው ብቻ ነው። አገር አቀፉም ቢሆን ነቅነቅ ብሏል። ኢኤስፒኤን በ2025 መጀመሪያ በዓመት 550 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣበትን የቤዝቦል ውል ለማቋረጥ ወስኖ ነበር።

ዋጋው የሚወጣው ደግሞ ቡድኖቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው። ቢሊየነሩ ብዙ ነው፤ የሚሸጥ ቡድን ግን በዓመት አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። ባለቤቱ በየዓመቱ ቢጎድልበትም ሲሸጥ ያካክሳል። ደጋፊው ግን የሚሸጠው ነገር የለውም። ሚኒሶታ የተቀነሰው 30 ሚሊዮን ከባለቤቱ ኪስ አልወጣም። የወጣው ከሜዳው ላይ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ዳላስ_ልጅ፦

አሁን ገባኝ። ግን ነጻ ቻናል ያን ሁሉ ገንዘብ ይተካል? አንቴና ያለው ሰው በወር የሚከፍለው የለም። ሰንስ በኬብል ያገኙት የነበረውን ያህል በማስታወቂያ ማግኘታቸውን እጠራጠራለሁ።

ፊኒክስ_በረሃ፦

@ዳላስ_ልጅ ወዲያው አይተካም። ማንም ይተካል አላለም። ግን አማራጩ ምንድን ነው? የኬብሉ ቻናል ኪሳራ ውስጥ ነበር። የዛሬውን ቼክ ይዘህ ነገ ተመልካች ከምታጣ፣ ትንሽ ቀንሰህ ከተማውን በሙሉ ብትይዝ ይሻላል። ልጅ ያየውን ነው የሚወደው። ያ ልጅ ነገ ማሊያ ይገዛል፣ ትኬት ይቆርጣል። ለሎስ አንጀለስ ሰዎች ጠይቃቸው፤ ያ የ8 ቢሊዮኑ ውል ሲጀምር ብዙ የኬብልና የሳተላይት ድርጅቶች ቻናሉን አልወሰዱትም። ከ2014 እስከ 2020 የከተማው ግማሽ ገደማ ዶጀርስን ቤቱ ማየት አልቻለም።

እመ_ሁለት፦

ለዚህ ነው የሴቶቹ ሊግ ደብሊውኤንቢኤ የሚያስደስተኝ። ሊጉ ለዓመታት በኪሳራ ነው የኖረው። የኤንቢኤ ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር በ2018 በአማካይ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ይከስራል ብለው ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግን ዓርብ ማታ ጨዋታዎቹን አዮን በሚባለው ነጻ ቻናል ያሳያል። በ2024 ኮከቧ ኬትሊን ክላርክ ወደ ሊጉ ስትገባ ማየት የፈለገ ሁሉ የሚያይበት ቦታ ነበረው። ያኔ ኬብል ላይ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ልጄ አታውቃትም ነበር። አሁን ዓርብ ማታ የኛ ቤት ቲቪ የሷ ነው፤ ወንድሟ ተራ ይጠብቃል።

አሮጌው_ቅርጫት፦

ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ ከፊት ያለውን እንይ። የቤዝቦል የሥራ ውል ዲሴምበር 1፣ 2026 ላይ ያበቃል። ባለቤቶቹ የደሞዝ ጣሪያ ይፈልጋሉ፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር አይቀበልም። የቲቪው ገንዘብ መናጋቱ ነው ጥሉን ያከረረው። በ1994 እንዲሁ ተጣልተው ወርልድ ሲሪስ ራሱ ተሰረዘ። ሆኪም የ2004/05 ሙሉ የውድድር ዓመት ጠፋበት፤ ሲመለስ ኢኤስፒኤን አልፈልግም አለው፣ አደንና ዓሣ ማጥመድ የሚያሳይ ቻናል ላይ ሄደ። ሆኪ ወደ ኢኤስፒኤን የተመለሰው በ2021 ነው። ተመልካች አንዴ ከሄደ ለመመለስ አሥራ ስድስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሁለቱም ወገን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ያስቡት።

ዳላስ_ልጅ፦

ጋሼ ልክ ብለዋል። እኔ ኤንኤፍኤልም ላይ ስጋት አለኝ። በጃንዋሪ 2024 አንድ የፕሌይኦፍ ጨዋታ ፒኮክ ላይ ብቻ አደረጉት። የ2024 የገና ጨዋታዎች ኔትፍሊክስ ላይ ነበሩ። የሁለቱ ቡድኖች ከተማ በነጻ ያያል፤ እንደኔ ሌላ ከተማ ያለ ግን ይከፍላል። በነጻ ያደገውን ሊግ ቀስ በቀስ ወደ መክፈያ እየወሰዱት ነው።

ሚኒሶታ_ክረምት፦

@የአሌክሳንድሪያው የቤዝቦሉ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ አገር አቀፍ ውሎቹ ከ2028 በኋላ ሲያበቁ የሁሉንም ቡድን የአካባቢ ስርጭት ሰብስበው አንድ ላይ መሸጥ ይፈልጋሉ። ገንዘቡ እንደ ኤንኤፍኤል ቢካፈል ለኛ ቡድን ጥሩ ነው። ትልልቆቹ ይስማማሉ ወይ?

የአሌክሳንድሪያው፦

@ሚኒሶታ_ክረምት ያንኪስ የራሳቸው ቻናል አላቸው፣ ቦስተንም እንዲሁ። ዶጀርስ ውላቸው ገና ከአሥር ዓመት በላይ ይቀረዋል። እነሱን ማሳመን ከባድ ነው። ያለ እነሱ ግን ጥቅሉ ገዢ አያገኝም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የማስገባው አንድ አንቀጽ ነው፦ እያንዳንዱ ቡድን በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጨዋታ በከተማው ነጻ ቻናል፣ ልጆች ከመተኛታቸው በፊት ይተላለፍ። ከዚያ ቀሪውን ለፈለጉት ይሽጡ።